በዳኛ ፊት እኩል

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ተረት ለመርጡለ ማርያምም ሆነ ለደብረ ማርቆስ ሰው እንግዳ አይደለም። ጌታና ሎሌ ዱላ ይዘው አንዲት ሩር ሲያሳድዱ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያጎነብስ የኖረው ለአንድ ቀን ቀና ይላል። ይህን ተረት እንደ ታሪክ ማስረጃ ማንበብ ይገባናል ባይ ነኝ። የሚያነብ ሰው ምን እንደሚያገኝ ከሲ. ኤል. አር. ጄምስ ሕይወት በላይ የሚያሳይ የለም። ጄምስ ክሪኬት የሚባለው የእንጨት መምቻና የኳስ ጨዋታ ተጫዋች፣ የትምህርት ቤት መምህርና የታሪክ ጸሐፊ ነበር፤ ለኢትዮጵያም ባዳ አይደለም።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1901 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው በትሪኒዳድ ደሴት፣ ቱናፑና በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ መምህር ነበሩ። የቤታቸው መስኮት ወደ ክሪኬት ሜዳው ስለሚያሳይ፣ ሕፃኑ ወንበር ላይ ቆሞ ጨዋታ ይመለከት ነበር። ጎረቤታቸው በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ ሥራ የማይወድ፣ አፈ ክፉ ሰው ነው፤ የመምቻውን እንጨት ይዞ ሜዳ ላይ ሲቆም ግን ተመልካቹ ሁሉ ያደንቀዋል። መንደር የናቀውን ሰው ሜዳ የሚያከብረው ለምንድን ነው? ጄምስ በ1963 ባሳተመው «ቢዮንድ ኤ ባውንደሪ» በተባለው መጽሐፉ ሰውየውን ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንሥቶ ይተርካል። ጄምስ ራሱ በፈተና አልፎ ኩዊንስ ሮያል ኮሌጅ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳይረግጥ እዚያው መምህር ሆነ። ካስተማራቸው አንዱ ኤሪክ ዊልያምስ ኋላ የታሪክ ሊቅና የትሪኒዳድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። በደሴቲቱ የክሪኬት ክለቦች በቆዳ ቀለምና በኑሮ ደረጃ የተከፋፈሉ ነበሩ። ጄምስ ጠቆር ያለ ቢሆንም የጥቁሮቹን ሻነንን ትቶ የቀዮቹን ማፕልን መረጠ፤ ይህ ምርጫ ከሕዝቡ እንዳራቀውና የፖለቲካ ዓይኑን ለዓመታት እንዳዘገየበት በኋላ ራሱ ጽፏል። የቅኝ ግዛትን ማኅበራዊ መሰላል እንዲህ አጥርቶ የሚያሳይ የመንግሥት ሰነድ ማግኘት ይከብዳል።

ክሪኬት የገዢዎች ጨዋታ ነው፤ ያስተማረውም ለእንግሊዝ መታዘዝን ነው የሚል ተቃውሞ አለ። ከፊሉ እውነት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሥርዓት ዕድሜ ልኩን እንዳልለቀቀው ጄምስ አልደበቀም። ነገር ግን ያው ሕግ ገዢውን መለኪያ ሆነበት። በዳኛ ፊት ሁሉም እኩል ከሆነ፣ የዌስት ኢንዲስ፣ ማለትም የካሪቢያን ደሴቶች የጋራ ቡድን፣ አምበል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ነጭ የሚሆነው ስለ ምን ነው? በ1958 ወደ አገሩ ተመልሶ በሚያዘጋጀው ጋዜጣ ይህንኑ ሞገተ፤ ጥቁሩ ተጫዋች ፍራንክ ዎረልም ለ1960–61 የአውስትራሊያ ጉዞ አምበል ሆኖ ተሾመ።

ጨዋታ ሰነድ አይተካም የሚለው ሌላው ተቃውሞ ነው። አዎን፣ አይተካም። ጄምስም አልተካበትም፤ በ1938 ስለ ሄይቲ ባሮች አብዮት ያሳተመው «ዘ ብላክ ጃኮቢንስ» የፓሪስ መዛግብትን አገላብጦ የጻፈው ነው። በዚያ መጽሐፍ ባሪያው የታሪክ ሠሪ እንጂ የታሪክ ዕቃ አይደለም። እንዲህ ያለውን ዓይን ሜዳውም ሰጥቶታል ብዬ አምናለሁ። ከመጽሐፉም በፊት፣ በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ፣ ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ የቆመውን የአፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር በሊቀመንበርነት መራ፤ ከጦር ሠራዊታችን ጋር ሊዘምትም ለኢትዮጵያ ሌጋሲዮን አመልክቶ ነበር። በማኅበሩ ሥራ የበለጠ ትጠቅመናለህ የሚል መልስ አገኘ።

መርጡለ ማርያም በንግሥት እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ በተቀረጹት ድንጋዮቿ ትታወቃለች። ድንጋዩ የሚመሰክረው ለንግሥቲቱ ነው፤ ሎሌው ምን ያስብ እንደነበር ለማወቅ ግን ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። በአካባቢው የምታስተምሩ የታሪክና የስፖርት መምህራን፣ የገና ጨዋታን ሕግ፣ የቡድን አከፋፈል፣ ተሸናፊው ላይ የሚወርደውን ስድብ ከአዛውንቶች አፍ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ተማሪዎቻችሁንም አጽፉ።