ከባቲ ተነስቶ ባቲን ለመማር

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። የአራቱን ቅኝቶች ስም ያልሰማ የወሎ ልጅ ብዙም የለም። ከአራቱ አንዱ ስሟን የሚጋራት ባቲ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። ይሁንና አንድ የባቲ ልጅ «ቅኝቱን በዲግሪ ደረጃ ልማር» ቢል መጀመሪያ የሚነገረው ስም አዲስ አበባ ያለው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በደብረ ሲና አልፎ መሄድ ሊኖርበት ነው። ከከሚሴ እንኳ ቢነሳ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል።

መንገዱ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ችግር «አርት መማር እፈልጋለሁ» የሚለው ተማሪ ሁለት የተለያዩ በሮች እንዳሉ ሳያውቅ 12ኛ ክፍልን መጨረሱ ነው።

የመጀመሪያው በር ዲግሪው ላይ «ባችለር ኦፍ አርትስ» ተብሎ የሚጻፍበት ነው። ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ጋዜጠኝነት፣ ታሪክ፣ ሶሾሎጂ እዚህ ይገባሉ። መግቢያው ማትሪክ ነው፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ታመጣላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ትመርጣላችሁ፣ ትመደባላችሁ። ዲፓርትመንት የምትይዙት ግቢ ከገባችሁ በኋላ ነው፤ ያኔ የፍሬሽማን ውጤታችሁ ይወስናል። በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ላደገ የዞኑ ልጅ፣ አፋን ኦሮሞና ሥነ ጽሑፍ በአዲስ አበባ፣ በጅማና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ግጥም የሚጽፍ፣ የአያቶቹን ተረት የሚሰበስብ ልጅ ቦታው እዚህ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው በር የሥዕል፣ የቅርጻ ቅርጽ፣ የሙዚቃና የቴአትር ነው። እዚህ ማትሪክ ብቻውን አያስገባም፤ የተሰጥኦ ፈተናም አለ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እጃችሁን ያያል፦ እርሳስ ይዛችሁ ፊታችሁ የተቀመጠውን ነገር ስትስሉ። ያሬድ ጆሯችሁን ይፈትናል፦ የሰማችሁትን ድምፅ መልሳችሁ ስታወጡ፣ ምት ስትጠብቁ። ሁለቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ስለዚህ ማመልከቻውን በጊዜ ካልተከታተላችሁ ምደባ ስትጠብቁ ሊያልፋችሁ ይችላል።

የተሰጥኦ ፈተና በሌላውም ዓለም የተለመደ ነው። ጥያቄው «ለፈተናው ማን ያዘጋጃል?» የሚለው ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪውን ለማትሪክ ያዘጋጁታል። ማትሪክ ላይ እርሳስ አያያዝ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ብዙ ቦታ ማንም አያስተምረውም። የከሚሴ ልጅ ፈተናው ላይ ሲወድቅ ተሰጥኦ ስለሌለው ላይሆን ይችላል። ማስታወቂያው ዘግይቶ ደርሶት፣ የትራንስፖርትና የአልጋ ብር አጥቶ፣ ወይም መንገዱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተፈተኑት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው፤ ወረቀቱም ፈታኙም ወደ ክልል ተጉዟል። እንግዲህ የሥዕልና የሙዚቃ ፈታኝስ ለሁለት ቀን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ቢመጣ ምን ይገርማል? ለከሚሴም ለባቲም ደርሶ መልስ ይሆናል።

እስከዚያው እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ከ11ኛ ክፍል ጀምራችሁ በየቀኑ በእርሳስ ሳሉ። ፎቶ ከመገልበጥ ይልቅ ዓይናችሁ ያየውን ሳሉ። ወልድያ የተወለደው ሠዓሊ ታደሰ መስፍን፣ ለዓመታት በአለ ትምህርት ቤት ያስተማረው፣ በጉሊት ሴቶች ሥዕሎቹ በዓለም ይታወቃል። እናንተ ደግሞ የከሚሴና የባቲ ገበያ ደጃችሁ ነው። ሥራችሁ ላይ ቀን ጻፉበት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ አትጣሉት። የምትዘፍኑ ከሆነ ቅዱና መልሳችሁ ስሙ፤ የት እንደሳታችሁ ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

«ተሰጥኦ ካለኝ ማትሪኩ ግድ የለም» የሚለው ወሬ ግን አያታላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ሳይኮሎጂ የሚመኘውም ሥዕል የሚመኘውም ያቺን መስመር ማለፍ አለበት። ጠዋት ሒሳብ፣ ማታ እርሳስ፤ ሁለተኛውን በር የሚፈልግ ልጅ ፕሮግራሙ ይኸው ነው።