ስለ ፎረንሲክ ነርስነት መሠረተ ሐሳብ፥ ሥነ ምግባርና ሕጋዊ መነሻ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር በአማርኛ ብዙ ያልተጻፈበት ነው፤ ይኸውም የተበደለ ሰው ወደ ሐኪም ቤት በገባ ጊዜ ቍስሉን የሚያጥበው እጅና ለፍርድ የሚሆነውን ማስረጃ የሚጠብቀው እጅ አንድ ሲሆን፥ ባለሙያው ምን ዓይነት ሥርዐት ሊከተል እንደሚገባው ነው።

ፎረንሲክ የተባለው ቃል የመጣው ከላቲኑ ፎሩም ነው። ፎሩም በጥንቷ ሮማ ገበያም ችሎትም የሚቆምበት አደባባይ ነበር። በኛም አገር አደባባይ የሚለው ቃል ሜዳውንም ሙግቱንም ስለሚያመለክት፥ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። አባቶቻችን ወንጀለኛን የሚያወጡት በአውጫጭኝ ነበር፤ ሌባን ለመያዝም ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበራቸው። መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ይባል ነበር። አውጫጭኝ ቢያንስ የጎረቤትን ዕውቀት ይሰበስባል፤ ሌባ ሻይ ግን ስንቱን ንጹሕ ሰው እንዳስቀጣ እግዜር ይወቀው። የሰው አካል ራሱ የሚመሰክረውን ማንበብ ከሁለቱም የተለየ ትምህርት ነው።

ይህ ሙያ በውጭ አገርም ቢሆን የቆየ አይደለም። በካናዳ የአልበርታ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1975 ነርሶች የአሟሟትን ምክንያት በማጣራት ሥራ ገቡ፤ በ1976 በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ ተገደው የተደፈሩ ሴቶችን የሚመረምሩ ነርሶች ሥራ ጀመሩ። በ1992 ዓለም አቀፍ ማኅበራቸው ተቋቋመ፤ በ1995ም የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ፎረንሲክ ነርስነትን ራሱን የቻለ ሙያ ብሎ ተቀበለው።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ፥ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ 34ኛው አንቀጽ መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ መስሎ በታየው ጊዜ ተከሳሹም ተበዳዩም በተመዘገበ ሐኪም እንዲመረመሩና ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይደነግጋል። የተበዳዩ ምርመራ ሲሆን እንደ ሁኔታው የራሱን፥ ራሱ ፈቃድ ለመስጠት የማይችል ከሆነም የወላጆቹን ወይም የአሳዳሪውን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንባብያን «ሐኪም» የሚለውን ቃል ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። ሕጉ ነርስን አልጠራም። ነገር ግን በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ሐኪም የለም፤ በሽተኛውን የሚቀበለው ነርሱ፥ አዋላጇ ወይም ጤና መኮንኑ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን የሚፈርመው ሰው ሌላ፥ ልብሱን አውልቆ ደሙን ያየው ሰው ሌላ ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት እንደ ቦታው ርቀት ይከፋል ወይም ይቀላል። ከደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) አዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፥ ለብዙ ዓመታት የመላው አገር የአስከሬን ምርመራ ዋና ቦታ ሆኖ የኖረው፥ ለደብረ ዘይት ሰው የአንድ ጧት መንገድ ነው። የተደፈሩ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናና የሕግ ርዳታ በአንድ ጣራ ሥር የሚያገኙበት የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ማእከልም እንደዚሁ። አሶሳ ግን ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከአሶሳም ወዲያ እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ ሰው አለ። በዚያ የሚሠራ ነርስ የመጀመሪያው መርማሪ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውም እሱ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያው ሰዓት ምን ይደረጋል? ከሁሉ አስቀድሞ ሕይወት ይድናል፤ ማስረጃ ከትንፋሽ አይቀድምም። ከዚያ በኋላ ግን ሰዓቱ ይቆጠራል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ እርግዝናን የሚከላከለው እስከ 120 ሰዓት ሊሰጥ ይችላል፤ ሁለቱም በቶሎ በተወሰዱ ቍጥር ይበልጥ ይሠራሉ። ልብስ በላስቲክ ከረጢት አይከተትም፤ ርጥበቱ ታፍኖ ደሙንና ሌላውን ፈሳሽ ያበላሸዋልና። በንጹሕ ቦታ ደርቆ፥ እያንዳንዱ ለብቻው በወረቀት ከረጢት ይታሸጋል። ልብስ በመቀስ የሚቀደድ ከሆነ ጩቤው ወይም ጥይቱ በበሳው ቀዳዳ በኩል አይቆረጥም። ለደግነት ሲሉ የተጐዳችውን ሴት አስቀድሞ ማጠብና ልብሷን መዘፍዘፍ በቤተሰብም በባለሙያም ዘንድ የተለመደ ነው፤ ይህ ርኅራኄ ግን ማስረጃውን ከውሃው ጋር ያፈሰዋል። በመጨረሻም ከረጢቱን ማን አሸገው፥ ለማን በስንት ሰዓት አስረከበው የሚለው በፊርማ ካልተጻፈ፥ ተከላካይ ጠበቃ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ሁሉንም ሊያፈርሰው ይችላል።

አጻጻፉም ሥርዐት አለው። «ተደብድባለች» ብሎ መጻፍ ፍርድ ነው፤ «በግራ ክንዷ ላይ 4 በ2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰማያዊ ሰንበር አለ» ብሎ መጻፍ ግን ምስክርነት ነው። የበሽተኛው ቃልም እንደተነገረ በጥቅስ ይሰፍራል። እዚህ ላይ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ልዩ ችግር አለው። በክልሉ የሥራው ቋንቋ አማርኛ ሲሆን ባለ ጉዳዩ የሚናገረው በርታኛ፥ ጉሙዝኛ፥ ሽናሽኛ፥ ማኦኛ ወይም ኮሞኛ ሊሆን ይችላል። ባልን ወይም ዘመድን አስተርጓሚ ማድረግ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በዳዩ እሱ ራሱ ቢሆንስ? አስተርጓሚው ማን እንደነበረም በወረቀቱ ላይ ሊገለጽ ይገባል።

ከሥነ ምግባሩ ጥያቄዎች ሁሉ አስቸጋሪው ምስጢር ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በ399ኛው አንቀጽ የሙያ ምስጢርን መግለጥ ሲያስቀጣ ነርስን በስም ይጠቅሳል፤ ባለ ጉዳዩ ሲፈቅድ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ግን ይፈቅዳል። በ537ኛው አንቀጽም ነርስ በብርቱ ችግር ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ርዳታውን ቢነፍግ ይቀጣል። እንግዲያውስ «የፖሊስ ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» ብሎ ቍስለኛን መመለስ በምን ሕግ ይደገፋል? ደብዳቤው ለምስክር ወረቀቱ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለሕክምናው ግን አያስፈልግም። ከመደፈር የመጣን እርግዝና ማቋረጥ በሚመለከትም በ552ኛው አንቀጽ መሠረት የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ ባለሙያ ከሕጉ በላይ ሕግ ያወጣል።

ስለ ድንግልና ምርመራም ዝም ብለን ለማለፍ አልወደድንም። ብዙ ቤተሰብ ነርስን የሚጠይቀው «ተነክታለች ወይስ አልተነካችም?» ብሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው ይህ ምርመራ የሳይንስ መሠረት የለውም። በአካል ላይ ጉዳት አለመታየቱም ሴቲቱ አልተደፈረችም ማለት አይደለም። ነርሱ ይህን ለአባት ማስረዳት ይከብደው ይሆናል፤ ለዳኛ ማስረዳት ግን ግዴታው ነው።

ሽምግልናም ከዚሁ ጋር ይነሣል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ጠላፊውን ካገባች ክሱ ይቀር ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ በ587ኛው አንቀጽ ይህን ሽሮ ጋብቻው ጠላፊውን ከቅጣት እንደማያድነው ደንግጓል። ሽማግሎች ግን ዛሬም ወደ ሐኪም ቤት በር ይመጣሉ። ነርሱ ዕርቁን ሊከለክል ሥልጣን የለውም፤ ያየውን ከመዝገብ ሊፍቅም አይችልም።

ተከሳሹም በሽተኛ ነው። እጁ የፊጥኝ ታስሮ የመጣ ሰው እንደማንኛውም ሰው ይታከማል፤ በሰውነቱ ላይ የታየው የዱላ ምልክትም በዚያው መለኪያ ይጻፋል፤ የሕገ መንግሥቱ 18ኛ አንቀጽ ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላልና። የፖሊስ ባልደረባ በክፍሉ ቆሞ ልስማ ቢል፥ ለደኅንነት የሚያሠጋ ነገር ከሌለ በስተቀር ከበር ውጭ እንዲጠብቅ መለመን ተገቢ ይመስለናል።

ችሎት የሚቀርብበት ቀን ከምርመራው ብዙ ወራት ሊርቅ ይችላል። ያን ጊዜ ነርሱ ፊቷን ላያስታውስ ይችላል፤ የሚያነበው በዚያች ሌሊት በገዛ እጁ የጻፈውን ነው።