ያውቁ ኖሯል? የተጻፈው ዋጋና የተከፈለው ዋጋ

(በዚህ ዓምድ ያሉት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

አፕል በዲሴምበር 12 ቀን 1980 አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱን የሸጠው በ22 ዶላር ነበር። ዛሬ የዚያን ዘመን ዋጋ ከኢንተርኔት ለሚያወርድ ሰው ግን የሚመጣለት በሳንቲም የሚቆጠር ገንዘብ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ስህተት የለበትም። ኩባንያው ከዚያ ወዲህ አክሲዮኑን አምስት ጊዜ ከፋፍሏል፤ በ1987፣ በ2000 እና በ2005 አንዱን ለሁለት፣ በ2014 አንዱን ለሰባት፣ በ2020 ደግሞ አንዱን ለአራት። ያኔ አንድ አክሲዮን ገዝቶ ሳይሸጥ የቆየ ሰው ዛሬ 224 አክሲዮኖች አሉት። መረጃ አቅራቢዎችም ሠንጠረዡ ወጥ እንዲሆን 22 ዶላሩን ለ224 አካፍለው 10 ሳንቲም ገደማ ያደርጉታል። በ1980 በዚያ ዋጋ የገዛም የሸጠም ሰው ግን የለም።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ጉድ አለ። ኩባንያው ነገ እንደገና ቢከፋፈል የ1980ው ዋጋም እንደገና ይለወጣል። ስለዚህ የድሮ ዋጋ ሲያወርዱ ያወረዱበትን ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያወርዱ ሁለቱ ፋይሎች ባይገጥሙ ምክንያቱን ለማወቅ ይረዳዎታል።

ማይክሮሶፍት በ2004 መጨረሻ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 3 ዶላር ልዩ የትርፍ ድርሻ መክፈሉንስ ያውቁ ኖሯል? በድምሩ 32 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በወቅቱ የአክሲዮኑ ዋጋ 30 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበርና ክፍያው የማይገባው አዲስ ገዢ መግዛት በጀመረበት ቀን ዋጋው ወደዚያ በተጠጋ መጠን ዝቅ አለ። ጥሬውን መዝገብ የሚያይ ሰው ባለአክሲዮኖች በአንድ ቀን ከሀብታቸው ዐሥር በመቶ ያህል ያጡ ይመስለዋል። ገንዘቡ ግን ኪሳቸው ገብቷል። «የተስተካከለ የመዝጊያ ዋጋ» የሚባለው ዓምድ የተፈጠረው ይህን ለማረም ነው። ገንዘቤ ስንት እጥፍ አደገ ለሚል ጥያቄ የተስተካከለውን ይጠቀሙ፤ በዚያ ቀን ስንት ተከፈለ ለሚለው ደግሞ ጥሬውን። ሁለቱን በአንድ ስሌት የሚቀላቅል ሰው የሚያገኘው መልስ ለሁለቱም ጥያቄ አይሆንም።

የዶው ጆንስ ጠቋሚ በታሪኩ በአንድ ቀን ክፉኛ የወደቀው መቼ ነው? የድሮ ሠንጠረዦችን የሚያገላብጥ ሰው ዲሴምበር 12 ቀን 1914 ላይ 24 በመቶ ግድም የሆነ ገደል ያገኛል። በእርግጥ ግን በዚያ ዕለት ገበያው የወጣ እንጂ የወረደ አልነበረም! የኒውዮርክ ገበያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ ተዘግቶ ቆይቶ አክሲዮን መሸጥ የጀመረው በዚያ ቀን ነው። በ1916 የጠቋሚው ኩባንያዎች ከ12 ወደ 20 ሲያድጉ አዲሱ ዝርዝር ወደ ኋላ እስከዚያ የመክፈቻ ዕለት ድረስ ተሰላ። ድሮ ከተሰላው ጋር ሲቀጠል ደረጃው ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ በመጋጠሚያው ላይ ማንም ያላየው ውድቀት ተፈጠረ። እውነተኛው ክብረ ወሰን ኦክቶበር 19 ቀን 1987 ላይ ነው፤ 508 ነጥብ፣ 22.6 በመቶ። በማርች 16 ቀን 2020 የጠፋው 2,997 ነጥብ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ቢበልጥም በመቶኛ 12.9 ብቻ ነበር። ዜና አንባቢ «በታሪክ ከፍተኛው የነጥብ ውድቀት» ሲል ወዲያው በመቶኛው ስንት ነው ብለው ይጠይቁ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የቫንኩቨሩ ነው። የካናዳዋ ከተማ የአክሲዮን ገበያ በጃንዋሪ 1982 አዲስ ጠቋሚ ከ1,000 ነጥብ አስጀመረ። ኮምፒውተሩ በቀን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያሰላውና በእያንዳንዱ ስሌት ከሦስተኛው የነጥብ ቤት በኋላ ያለውን ወደ ቅርቡ ማጠጋጋት ሲገባው ቆርጦ ይጥለው ነበር። በኖቬምበር 1983 ጠቋሚው ወደ 524 ወረደ። ስህተቱ ተደርሶበት ሲታረም ትክክለኛው 1,098.892 ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው የከሰረ ይመስል የነበረው ገበያ ለካ አድጎ ነበር።

የዋረን ባፌት ኩባንያ፣ በርክሻየር ሃታዌይ፣ «ኤ» የተባለውን አክሲዮኑን ከፋፍሎ አያውቅም። በዚህም የተነሳ በሜይ 2021 የአንዱ ዋጋ የናስዳክ ኮምፒውተሮች ሊይዙት የሚችሉት ከፍተኛ ቁጥር ጫፍ ደረሰ። ጣሪያው 429,496.7295 ዶላር ነበር፤ ገበያውም ሥርዓቱ እስኪስተካከል የዚህን አክሲዮን ዋጋ ማሰራጨቱን አቆመ። በጁን 3 ቀን 2024 ደግሞ ከ600,000 ዶላር በላይ የነበረው ይኸው አክሲዮን በቴክኒክ ብልሽት 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ሆኖ በየሰሌዳው ታየ። በዚያ ዋጋ የተፈጸሙት ግዢዎች ተሰረዙ። እኔ ከገዢዎቹ አንዱ ብሆን ኖሮ ያን ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ሜይ 6 ቀን 2010 ከሰዓት በኋላም እንዲሁ አክሰንቸር የተባለው ትልቅ የአማካሪ ድርጅት አክሲዮን ለአፍታ በአንድ ሳንቲም ተሸጧል። እንዲህ ከመስመር የወጡ ግብይቶች በኋላ ተሰርዘዋል። ታዲያ የዚያ ቀን «ዝቅተኛ ዋጋ» ስንት ነው? መልሱ የሚወሰነው የተሰረዘውን ማን አወጣው፣ ማንስ ተወው በሚለው ነው። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ዓምድ ከመዝጊያው ዓምድ ባነሰ እምነት እመለከታቸዋለሁ።

የኒውዮርክ ዋጋዎች እስከ 1997 ድረስ በዶላር ስምንተኛ፣ ከዚያም በአሥራ ስድስተኛ ይሰሉ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ወደ ሳንቲም ሙሉ በሙሉ የተዛወሩት በ2001 ነው። በድሮ መዝገብ 0.125 ደጋግሞ ቢመጣ ሰው የፈጠረው እንዳይመስልዎ።

በዚያው በ2001 ከሴፕቴምበር 11 እስከ 16 ገበያው ተዘግቶ ስለነበር በመዝገቡ ምንም ዋጋ የለም። የመጀመሪያው ቀን በእኛ የ1994 ዕንቁጣጣሽ ነበር። ባዶውን በዜሮ የሚሞላ ፕሮግራም ካለዎት ገበያው ጠፍቶ የተመለሰ ያስመስለዋል።

ዶው ጆንስ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1929 381.17 ደርሶ፣ በጁላይ 8 ቀን 1932 41.22 ላይ ወደቀ፤ ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው በኖቬምበር 1954 ነው። 25 ዓመት! ይህ ቁጥር ሰውን ለማስፈራራት ሲጠቀስ ይኖራል። ነገር ግን በመካከሉ የተከፈለውን የትርፍ ድርሻ አይቆጥርም፤ በእነዚያ የመከራ ዓመታት የሸቀጥ ዋጋም አብሮ መውረዱን አይቆጥርም። ሁለቱ ሲታከሉ ጊዜው በብዙ ያጥራል። የጃፓኑ ኒኬይ በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን 38,915 ነጥብ እንደገና ያለፈው በፌብሩዋሪ 2024 መሆኑም እንዲሁ በጥሬ ነጥብ የሚነገር ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። በ1960 አካባቢ ሜሪል ሊንች የተባለው የደላላ ድርጅት አንድ ቀላል ጥያቄ ነበረው፤ ተራ ሰው አክሲዮን ገዝቶ ቢያስቀምጥ በአማካይ ምን ያተርፋል? መልሱን የሚያውቅ አልነበረም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ሎሪና ሎረንስ ፊሸር ከ1926 ጀምሮ የኒውዮርክን ገበያ ወርኃዊ ዋጋዎች ሰብስበው በኮምፒውተር አስገቡ፤ በ1964 ያወጡት መልስ የትርፍ ድርሻው መልሶ ከተገዛበት በዓመት 9 በመቶ ግድም የሚል ነበር። የሥራው ክብደት ያለው ቁጥሩ ላይ አይደለም። የከሰሩትንና የተዋጡትን ኩባንያዎች ጭምር መያዙ ላይ ነው። ዛሬ በነጻ የሚገኙ ብዙ ዝርዝሮች በሕይወት ያሉትን ብቻ ይዘው የሞቱትን ይጥላሉ፤ ይህም ቀባሪ ሳይጠይቁ ከወረርሽኝ የተረፉትን ብቻ ቆጥሮ በሽታው አይገድልም እንደማለት ነው። በ2000 በ90 ዶላር ይሸጥ የነበረው ኤንሮን በ2001 መጨረሻ ከሰረ። ሌማን ብራዘርስ በ2008 ተከተለ። ሁለቱ በሌሉበት ዝርዝር ላይ የተፈተነ የግብይት ስልት ሁሉ ብልህ ሆኖ ይታያል።

ጄኔራል ሞተርስም ሞቶ የተነሳ ነው። ጥንታዊው ኩባንያ በጁን 2009 ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመልክቶ አክሲዮኑ ከንቱ ቀረ፤ በኖቬምበር 2010 በ33 ዶላር የተሸጠው ሌላ ድርጅት ነው። ስሙና የገበያ ምልክቱ ግን ያው በመሆኑ ብዙ ሠንጠረዦች ታሪኩን ከ2010 ይጀምራሉ። የድሮዎቹ ባለአክሲዮኖች ኪሳራ የትም አይታይም።

የለንደን ዋጋዎች ታሪክ በቡና ቤት መጀመሩን ያውቁ ኖሯል? ጆን ካስታንግ በ1698 የምንዛሪና የአክሲዮን ዋጋ ዝርዝር በሳምንት ሁለት ጊዜ ማተም ሲጀምር፣ አድራሻው በነጋዴዎች የሚዘወተረው የጆናታን ቡና ቤት ነበር። ተመራማሪዎች የ1720ውን የሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን ቀውስ ዕለት በዕለት የሚከታተሉት በዚህ ወረቀት ነው።

በእኛ አገር መዝገቡ ገና ልጅ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ወጋገን ባንክ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አክሲዮኑን በ300 ብር መሸጥ ሲጀምር ያ ዋጋ ሻጩ የወሰነው የመነሻ ዋጋ እንጂ ገበያ ያወጣው አልነበረም፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ዓምድ መግባት የለባቸውም። ከዚያ በፊት የባንክ አክሲዮን በስምምነትና በጨረታ ነበር የሚዛወረው። በ2016 የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ሲታዘዙ አክሲዮኖቹ በጨረታ ቀረቡ። ለባለቤቶቹ የተመለሰው በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የአክሲዮኑ ዋጋ ሲሆን ትርፉ ለመንግሥት ገቢ ሆኗል። በ2019 የወጣው ሕግ በሩን መልሶ ከፍቶላቸዋል። የጨረታው ዋጋ ዛሬ በታሪክ መረጃነት ቢሰበሰብ ገዢው የከፈለውን በትክክል ያሳያል፤ ሻጩ የተቀበለውን ግን አያሳይም።