ገማቹ ያልለካው ርቀት

ድሬዳዋን በበጋ ያያት ሰው ደቻቱን ወንዝ ብሎ ለመጥራት ይከብደዋል። አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር የሚሻገር ሰው እግሩን አያርስም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ግን ያ አሸዋ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ፤ ሺዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። ውሃው የወረደው ከከተማዋ በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። ዛፉ ተመንጥሮ ተዳፋቱ ሲራቆት ዝናቡ መሬት ውስጥ አይሰርግም፤ አፈሩን ጠራርጎ ቁልቁል ይሮጣል።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ወዳጄ ወንዝ ዳር ያለ ቤቱን ለብድር መያዣ ሲያቀርብ አብሬው ነበርኩ። የባንኩ ገማች የወለሉን ሴራሚክ አየ፣ ቆርቆሮውን አየ፣ ቤቱ ከአስፋልቱ ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር ለካ። ከወንዙ ያለውን አልለካም። ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት የደረሰ የደለል መስመር ግን ፊት ለፊቱ ነበር።

መሐንዲሶች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲሉ ብዙዎቻችን አንዴ ከመጣ መቶ ዓመት የሚያርፍ ይመስለናል። ነገሩ ግን በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው፤ ዘንድሮ መጥቶ ከርሞም ሊደገም ይችላል። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረሱ ዕድል 26 በመቶ ገደማ ነው። ደጋው ሲራቆት፣ ከተማው ኮንክሪት ሲለብስ፣ የዓመቱ ዕድል 2 በመቶ ቢሆን የ30 ዓመቱ ወደ 45 ይወጣል። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይርቅም። 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት ጎርፉ ሲመጣ ጠቅላላ የሚጠፋ ቢሆን፣ በ2 በመቶ ስሌት በአማካይ በዓመት 200 ሺህ ብር ይከስራል። ይህ ገንዘብ በቤቱ ዋጋ ላይ ካልታየ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፦ መንገዱን እንደገና የሚሠራው ማዘጋጃ ቤት፣ ስንዴ የሚያድለው መንግሥት፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ዘመድና ዕድር።

ከ1998 በኋላ ደቻቱ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡን አልጠላም፤ የሚያሳስበኝ ጀርባው ነው። ሰው ግንብ ሲያይ ይደፍራል። ሱቅ የነበረው መጋዘን ይሆናል፣ ምድር ቤቱ ላይ ፎቅ ይደረባል። ጎርፉ የመግባት ዕድሉ ቢቀንስም፣ ከገባ የሚወስደው ንብረት ስለሚበዛ ጠቅላላ ስጋቱ ከበፊቱ ሊብስ ይችላል። ደጋው ላይ የዝናብ መለኪያ ተክሎ ዝናቡ ሲበረታ ወደ ከተማው ስልክ የሚደውል ሰው መመደብ ከግንብ እጅግ ይረክሳል፤ እናት ልጆቿን ቀስቅሳ ዳገት እንድትይዝ ጊዜ ይሰጣታል። መጋዘኑን ግን አያድንም።

ወዳጄ ብድሩ ተፈቅዶለታል። መጀመሪያ የገዛው ቀለም ነው፤ የደለሉን መስመር አስቀብቶታል።