የወር አበባ ዑደት፣ ስሜት እና መጠጥ

በዘመሮና በአካባቢዋ ባሉ የመንዝ ደጋማ ቀበሌዎች ገብስ እንጀራም ጠላም ነው። ማኅበርና ዝክር፣ ሠርግና ተዝካር ያለ ጠላ አይታሰብም፤ የምትጠነስሰውም፣ የምትቀዳውም በአብዛኛው ሴቷ ናት። እምብዛም የማይነገረው ግን ሴቷን ወደ መጠጥ ሊገፋት የሚችለው ስሜት በወሩ ቀናት ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው።

የወር አበባ ዑደት በአብዛኛው ከ21 እስከ 35 ቀናት ይወስዳል። ዑደቱን የሚመሩት ሆርሞኖች ናቸው፤ እነዚህም በደም አማካኝነት ለሰውነት ክፍሎች መልእክት የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮች ናቸው። በመጀመሪያው አጋማሽ ኢስትሮጅን እየጨመረ ይሄዳል፤ እንቁላል ከወጣች በኋላ ደግሞ ፕሮጄስትሮን ይበረታል። እርግዝና ካልተፈጠረ ሁለቱም ይቀንሱና የወር አበባ ይመጣል።

እነዚህ ሆርሞኖች አንጎልንም ይነካሉ። ኢስትሮጅን ስሜትን ከሚያስተካክሉ የአንጎል ንጥረ ነገሮች ጋር ይሠራል፤ ከፕሮጄስትሮን የሚገኘው ንጥረ ነገር ደግሞ አንጎልን የማረጋጋት ጠባይ አለው። የወር አበባ ሊመጣ ቀናት ሲቀሩት ቁጣ፣ ሐዘን፣ ጭንቀትና የእንቅልፍ ማጣት የሚታየው ከዚህ ለውጥ ጋር በተያያዘ ነው። ስለዚህ ችግሩ የጠባይ ክፋት አይደለም። ከ100 ሴቶች ከ3 እስከ 8 በሚሆኑት ላይ ስሜቱ ሥራና ትዳር እስከማወክ የሚደርስና ሕክምና የሚያሻው ነው።

መጠጥ በዚህ መሐል በሁለት በር ይገባል። አንደኛው ጭንቀትን ለማስታገስ መጠጣት ነው፤ አልኮል ያ አረጋጊ ንጥረ ነገር በሚሠራበት የአንጎል ክፍል ላይ ስለሚሠራ ለጊዜው የሚያሳርፍ ይመስላል። ሁለተኛው የመጠጥ ደስታ መጨመር ነው። በኒው ዮርክ የዊል ኮርኔል ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ባወጡት ጥናት፣ ሴት አይጦች ኢስትሮጅናቸው ከፍ ባለባቸው ቀናት አብዝተው ጠጥተዋል። በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤት ግን ከሴት ሴት ይለያያል።

እረፍቱ አይዘልቅም። አልኮል እንቅልፍን ይሰባብራል፤ በማግስቱም ጭንቀቱን ያብሳል። በሴቶች አካል ውስጥ ያለው የውኃ መጠን ከወንዶች ያነሰ በመሆኑ እኩል ቢጠጡም በሴቷ ደም ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል። አረቄ ደግሞ ከጠላ በብዙ እጥፍ የበረታ ነው። የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት ነፍሰ ጡር ልትሆን ስለምትችል እስክታረጋግጥ ድረስ ጠላም ቢሆን ባትጠጣ ይመረጣል፤ አልኮል ወደ ጽንሱ ያልፋልና።

መፍትሔው ቀን ከመቁጠር ይጀምራል። ከጳጉሜ በቀር የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን በመሆኑ በታቦት ቀን መቁጠር ቀላል ነው። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት በዚህ ወር በጊዮርጊስ፣ በ23 ካየች፣ በሚቀጥለው በማርያም፣ በ21፣ ከዚያም በገብርኤል፣ በ19 ትጠብቃለች። ስሜቷንና የጠጣችውን አብራ ብትይዝ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ የሚከብዷትን ቀናት ትለያለች። በእነዚያ ቀናት ከመጠጥ መታቀብ፣ በቂ መተኛት፣ ሥራን መከፋፈል ይረዳል። ባልና ቤተሰብም ቀኑን አውቀው ቢያግዙ ቤቱ ሰላም ያገኛል።

ስሜቱ ከበረታ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ወይም ጤና ጣቢያን ማማከር ይገባል፤ ሕክምና አለውና። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። በየቀኑ አብዝታ የምትጠጣና ስታቆም እጇ የሚንቀጠቀጥ ሴትም በድንገት ማቆሙ አደጋ ስላለው በባለሙያ ክትትል ልታቆም ይገባል።