የቀይ ባሕር ትኩስ ጭቃ

ከጅዳ ወደ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቀይ ባሕር ከ2,000 ሜትር በላይ በሚጠልቅበት ቦታ፣ ከውሃው በታች ሌላ ውሃ ተኝቷል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ጨዋማነቱ ከተራው የባሕር ውሃ ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። ከባድ በመሆኑ ከላይኛው ጋር አይቀላቀልም። ውሃው የተኛበት ጎድጓዳ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካጠናችው አትላንቲስ ሁለት ከተባለች የአሜሪካ የምርምር መርከብ ነው።

አረቢያና አፍሪካ እዚያ ይላቀቃሉ፤ አፋርን የሚሰነጥቀውም ያው መላቀቅ ነው። የባሕር ውሃ በስንጥቁ ይሰርጋል፤ የጥንት የጨው ክምችትና የጋለ አለት አቋርጦ፣ ማዕድን አሟሙቶ ይመለሳል። ጎድጓዳው ውስጥ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ያራግፋል። በዚህ የተከማቸው ጭቃ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ንብብር አለው። ጨውና ውሃው ቢወጣለት 90 ሚሊዮን ቶን ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል፤ ከዚህ ውስጥ ሁለት በመቶው ዚንክ፣ ግማሽ በመቶ የሚጠጋው መዳብ ነው። በቶን 40 ግራም የሚጠጋ ብርና ግማሽ ግራም ወርቅም አለው።

ሱዳንና ሳዑዲ አረቢያ በ1974 ሀብቱን በጋራ ለማልማት ተፈራረሙ። በ1979 ፕሮይሳግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሴድኮ 445 በተባለች የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ መርከብ ሙከራ አደረገ። የብረት ቧንቧ እየተቀጣጠለ ከመርከቧ ወደ ታች ወረደ። ጫፉ ላይ የሚርገበገብ ወንፊት ያለው መምጠጫ ነበር፤ ጭቃው ወፈር ያለ ስለሆነ መጀመሪያ በውሃ ግፊት ይፈታል፣ ከዚያ በፓምፕ ይሳባል። 15,000 ሜትር ኩብ ገደማ ጭቃና ጨው ውሃ ወጣ። በእኔ ግምት ከባዱ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መርከቧ ላይ የነበረው ማጣሪያ የሚሠራው በአረፋ ነው። ጭቃው በውሃ ይቀጥናል፤ ዚንክና መዳብ ያለባቸውን ቅንጣቶች ውሃ እንዲሸሹ የሚያደርግ ኬሚካል ይገባበታል፤ ከሥር አየር ይነፋል። ቅንጣቶቹ አረፋው ላይ ተጣብቀው ይንሳፈፋሉ፣ አረፋውም ይገፈፋል። የየብስ ማዕድን ለዚህ የሚበቃው ተፈጭቶ ሲሆን፣ የቅንጣቱን መጠን የሚወስነው ወፍጮው ነው። የቀይ ባሕሩ ጭቃ ግን ከተፈጥሮው የላመ ነው፤ አብዛኛው ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ የጤፍ ዱቄት ከሱ አጠገብ ጠጠር ነው። የወፍጮ ወጪ ቀረ ብሎ መደሰት ይቻላል፤ ችግሩ እንዲህ ያለች ቅንጣት ከአረፋው ጋር ሳትጋጭ በዙሪያው ከሚያልፈው ውሃ ጋር ማምለጧ ነው። የማይፈለገው የብረት ዝገትና ሸክላ ደግሞ ሳይጠራ አብሮ ይገፈፋል።

ጨውም አለ። በውስጡ ያለው ክሎሪን ለማቅለጫ ምድጃ ጠንቅ ስለሆነ የተጣራው ማዕድን በንጹህ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት፤ ንጹህ ውሃ ደግሞ ባሕር መሃል ውድ ነው።

በ2010 የሳዑዲው ማናፋ ኩባንያ ከካናዳው ዳይመንድ ፊልድስ ጋር ሆኖ ጭቃውን ለማውጣት የ30 ዓመት ፈቃድ አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ሸሪኮቹ ተጣሉ።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ዝቃጩ ነው። ከሚቀዳው ጭቃ ጥቂቱ ብቻ ተወስዶ ሌላው ወደ ባሕር ይመለሳል፤ ደቃቅ ስለሆነም ቶሎ አይዘቅጥም። የቀይ ባሕር ዓሣና ኮራል በአብዛኛው ያለው ከላይ በመሆኑ፣ ያጠኑት ሳይንቲስቶች ዝቃጩ ከ1,000 ሜትር በታች እንዲለቀቅ መክረዋል። ስለዚህ መርከቧ ሁለት ረጃጅም ቧንቧ ያስፈልጋታል፤ አንዱ የምትቀዳበት፣ ሌላው የምትመልስበት። የሁለተኛው ወጪ ትርፍ ሲሰላ አብሮ ተጽፎ ባይ ደስ ይለኛል።