የቤት ውሻን በአነስተኛ ወጪ በደኅና ስለ መያዝ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባል ዘወትር የሚጠቀሰው ስለ ሰው ጠባይ ለመናገር ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ቃሉን ስለ ውሻው ስለ ራሱ እንወስደዋለን። በባለቤቱ ግቢ ምግብ የሚያገኝ ውሻ እዚያው ይውላል፥ እዚያው ያድራል፤ የማያገኝ ውሻ ግን ምግቡን ከብት ከሚታረድበት ስፍራ፥ ከሥጋ ቤት ጓሮና ከቈሻሻ መጣያ ይለቅማል። በጭሮ (ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው)፥ በሒርና፥ በገለምሶ፥ በበዴሳ ወይም በቦኬ ማለዳ ተነሥቶ በማረጃው ስፍራ አጠገብ የሚያልፍ ሰው፥ የሚያያቸው ውሾች ሁሉ ባለቤት የሌላቸው ይመስሉት ይሆናል። ነገር ግን ከነዚህ ብዙዎቹ ሌሊት የሰው ግቢ የሚጠብቁ፥ ስምም የወጣላቸው ናቸው። ባለቤቶቻቸው «ውሻዬ ራሱን ችሎ ይኖራል፤ ወጪም የለበትም» ብለው ያስባሉ። ይህ ሒሳብ የተሳሳተ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በሐረርጌ ደጋና ቈላ ውሻ ያለ ጥቅም የሚያዝ እንስሳ አይደለም። ጅብ ሲመጣ የሚያስታውቀው፥ በረቱን ከሌባ የሚጠብቀው፥ በማሽላና በበቈሎ ማሳ ላይ የሚወርደውን ዝንጀሮ የሚያባርረው፥ የጫት ተክል ባለበት ሌሊቱን ሲዞር የሚያድረው እርሱ ነው። እንዲህ ያለው አገልጋይ በቂ ምግብ፥ ጥላና ክትባት ቢያገኝ ለባለቤቱ እንደ ትርፍ ወጪ ሊቈጠርበት አይገባም።

አንዳንድ ሰዎች ውሻ በሃይማኖት ርኩስ ስለ ሆነ እርሱን መንከባከብ አይገባም ሲሉ ይሰማሉ። በሐረርጌ ሙስሊሞች ዘንድ በሰፊው በሚሠራበት በሻፊዒ መዝሀብ፥ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፥ ከሰባቱም አንዱን በአፈር እንዲታጠብ ታዝዟል፤ ነገር ግን ለከብት ጥበቃ፥ ለአዝመራና ለአደን ውሻ መያዝ ተፈቅዷል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችም ዘንድ ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲገባ አይፈቀድም። ከጤና አጠባበቅ በኩል ስንመለከተው ውሻው የራሱ ዕቃ እንዲኖረው፥ ከማድ ቤትና ከመኝታም እንዲርቅ ማድረግ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከቤት ውጭ ማለት ከግቢ ውጭ ማለት አይደለም።

ወደ ምግቡ እንመለስ። በከተማችን በርካሽ የሚገኘው የውሻ ምግብ የማሽላ ወይም የበቈሎ ገንፎ ሲሆን፥ ከሥጋ ቤት የሚገኘው ሳንባ፥ ጨጓራና የመሳሰለው ተቀቅሎ ይጨመርበታል። ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ቢሰጥ ለአንድ የአገር ውሻ ይበቃዋል። መብቃት አለመብቃቱን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። የጐኑን አጥንት በእጅ ሲዳስሱት የሚቈጠር፥ ከሩቅ ሲያዩት ግን የማይቈጠር ከሆነ፥ ውሻው ተገቢውን ያህል በልቷል። ከሩቅ የሚቈጠር ከሆነ ምግቡ ይጨመርለት። ንጹሕ የመጠጥ ውሃም ቀኑን ሙሉ ከአጠገቡ አይታጣ፤ ይልቁንም በሚኤሶና በአሰቦት በኩል ባለው ቈላ ሙቀቱ ለእንስሳም ከባድ ነው።

ከገበታ የተረፈውን መስጠት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ወጥ ነው። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ስለዚህ ደረቅ እንጀራ ወይም ቂጣ ይሰጠው እንጂ በወጥ የራሰ ፍትፍት አይሰጠው። ሁለተኛው የሻገተ እህል ነው። በሐረርጌ ማሽላ በጕድጓድ ተቀብሮ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። እርጥበት ገብቶበት ሲሻግት ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ የሚጣልበት ጊዜ አለ። በሻጋታው ውስጥ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የውሻን ጉበት አጥፍቶ ይገድለዋል፤ ቀቅለውም ቢሰጡት መርዙ አይጠፋም። ለሰው ያልሆነው ለውሻም አይሆንም።

አሁን የምንናገረው ግን ከሁሉ ይልቅ ለሰው ጤና የሚያሠጋ ነው። በግ፥ ፍየል፥ ከብት ወይም ግመል ሲታረድ በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውሃ የሞላ ነጭ ከረጢት አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። አራጁ ያንን ክፍል ቈርጦ ይጥለዋል፤ ውሻ ይበላዋል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የአንድ ጥቃቅን የኮሶ ትል ዘር ነው። ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ ቁመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ በዐይን ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም፤ ውሻውም የታመመ አይመስልም። እንቍላሉ ግን በኵሱ ይወጣና በጠጕሩ፥ በሣሩ፥ በጓሮው አትክልትና በውሃው ላይ ይቀራል። ውሻውን ሲያሻሽ የዋለ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቍላሉን ይውጠዋል። በሕፃኑ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥም ያው ከረጢት ለብዙ ዓመት ቀስ እያለ ያድጋል። በሽታው ሲታወቅ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የቀዶ ሕክምና ነው።

ይህን ሁሉ መከላከል የሚቻለው በአንድ ድስትና በአንድ ጕድጓድ ነው። ለውሻ የሚሰጥ ማናቸውም የሆድ ዕቃ ውሃው ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት ባላነሰ ጊዜ ይቀቀል፤ ከረጢት ያለበት ግን ይቃጠል ወይም ውሻ ቈፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር። በዐረፋም ሆነ በፋሲካ ብዙ ሰው በየቤቱ ስለሚያርድ፥ የበዓሉ ማግስት በማረጃ ቤት ከሚደረገው ጥንቃቄ ያልተናነሰ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ለውሻው የሚሰጠውን የትል መድኃኒት፥ ማለት ፕራዚኳንቴልን፥ መጠኑን እንደ ክብደቱ የእንስሳት ሐኪም ይወስን።

ስለ ማሰሪያ ጥቂት እንጨምር። ቀን ቀን በአጭር ሰንሰለት በፀሐይ ላይ ታስሮ የሚውል ውሻ ክፉ ይሆናል ሲባል፥ ክፉ ያደረገው ማሰሪያው መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሦስት ሜትር ያህል ገመድ፥ አንገቱን የማያቈስል ሰፊ የቈዳ ማሰሪያ፥ ዝናብና ፀሐይ የሚከለክል ከጣውላ ወይም ከቈርቈሮ ቍራጭ የተሠራ ጎጆ ይበቃል። ግቢው የታጠረ ከሆነ ፈጽሞ ባይታሰር ይሻላል። በመኝታው ላይ ያለው ጭድ ወይም ጆንያ በየጊዜው ካልተለወጠ ቍንጫና መዥገር ይራባበታል።

ከወጪ ሁሉ የሚቀድመው ወጪ ክትባት ነው። በኦሮምኛ ሰሬ መራቱ የሚባለው የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰውም ከመቶ 99 ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው። ባገራችን በሽታው እንግዳ አይደለም፤ በ1895 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ታላቅ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደ ነበር ተጽፏል። መከላከያው ከታወቀ ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1877 ዓ.ም. ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አዳነው።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሆነው፥ ከዚያም በየዓመቱ ይከተባል። «ገና ቡችላ ነው፥ በሽታ አይዘውም» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም፤ ቡችላም ይታመማል፥ ሲነክስም ያስተላልፋል። በአንድ ከተማ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ቢከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍበት መንገድ ይቈረጣል። ስለዚህ የጐረቤት ውሻ አለመከተቡ ያስከተበውንም ሰው ይመለከተዋል። ቀድሞ በብዙ ከተሞች ይደረግ እንደ ነበረው በመንገድ የሚገኘውን ውሻ በስትሪክኒን መርዝ መግደል በሽታውን አላጠፋም፤ የሞቱት ውሾች ቦታ በቶሎ ባልተከተቡ ቡችሎች ይሞላል፤ በመርዙም የተከተበ የቤት ውሻ አብሮ ይሞታል።

አንድ አባወራ ለውሻው የሚያወጣውን የአንድ መርፌ ዋጋ ከብዶት ሳያስከትብ ቀረ እንበል። ውሻው ከማረጃው ስፍራ ከሌላ ውሻ ተነክሶ መጣ። በሽታው በሰውነቱ ውስጥ ተሸሽጎ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቈያል። ከዚያም የባለቤቱን ልጅና የጐረቤቱን ልጅ ነከሰ። አሁን ሁለቱ ልጆች በወር ጊዜ ውስጥ እያንዳንዳቸው አራት ወይም አምስት ክትባት ያስፈልጋቸዋል፤ ቍስሉ የከፋ ከሆነ ሌላ ተጨማሪ መድኃኒት በቍስሉ ዙሪያ ይወጋል። ከቦኬ ወይም ከሌላ ገጠር መድኃኒቱ ወደሚገኝበት ከተማ መመላለሻውና ከሥራ የሚቀረው ቀን ሲታሰብ፥ የውሻው መርፌ ዋጋ ምን ያህል ትንሽ እንደ ነበረ ይታያል።

የታመመ ውሻ ሁልጊዜ እንደሚወራው እየሮጠ የሚናከስ አይደለም። ጠባዩ መለወጡ፥ ጨለማ መፈለጉ፥ ድምፁ መጐርነኑ፥ ለሐጩ መዝረክረኩ፥ መንጋጋው መውደቁ፥ እንጨትና ድንጋይ ማኘኩ ምልክት ነው። መዋጥ ሲያቅተው «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን ወደ ጕሮሮው የሚሰድድ ሰው ራሱን ለታላቅ አደጋ ያጋልጣል። እንዲህ ያለ ውሻ ሲታይ ልጆችን ማራቅ፥ በሩን ዘግቶም ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ይገባል። ውሻው የግድ የሚገደል ከሆነ ጭንቅላቱ አይመታ፤ በሽታው የሚመረመረው በአንጎሉ ነውና። በሒርና የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ፥ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለ ስለ ሆነ፥ ምክር የሚጠየቅበት ቦታ በአካባቢያችን አይታጣም።

ሰው ሲነከስ የመጀመሪያው ሕክምና በቤት ያለ ሳሙና ነው። ቍስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ቧንቧ በሌለበት ከጄሪካን በጣሳ እየቀዱ ማፍሰስ ይበቃል። በርበሬ፥ ቡና ወይም አመድ አይነስነስበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። እንዶድም ሆነ ሌላ የሥርና የቅጠል መድኃኒት ፍለጋ የሚጠፋው ቀን ከክትባቱ ጊዜ የሚቀነስ ነው፤ እንዶድ ደግሞ ራሱ መርዝነት አለው። ጸበልም ሆነ ዱዓ የሚሻ ሰው ከክትባቱ ጋራ ይሻ። ነካሹ ውሻ ጤነኛ መስሎ ቢታይም እንዳይጠፋ ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቅ፤ ሕክምናው ግን ይህን ሳይጠብቅ ይጀመራል። ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት በሆድ ላይ ለብዙ ቀን ተከታትሎ የሚወጋው መርፌ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በምትኩ እንዲሠራበት የመከረው አዲሱ ክትባት የሚሰጠው በክንድ ላይ ስለ ሆነ፥ ያንን ፈርቶ መቅረት አያስፈልግም።

መምህራን በዚህ ነገር ከሁሉ የበለጠ ሊረዱን ይችላሉ። በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ከመቶ 40ው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ልጅ ደግሞ ቍጣ ፈርቶ የጥርስ ጭረት በልብሱ ይሸፍናል። የሚበላና የምታጠባ ውሻ እንዳይነካ፥ ውሻ ሲመጣበት ሳይሮጥ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፥ ጥቂት ጭረት እንኳ ቢሆን በዚያው ቀን እንዲናገር በክፍል ውስጥ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። የሚናገረውን ልጅ ወላጅ አይምታው።

የውሻው ቍጥር ከቤቱ ዐቅም እንዳይበልጥም ማሰብ ይገባል። አንዲት ሴት ውሻ የምታረግዘው ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው፤ በዓመትም ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ቡችሎቹን በጆንያ አድርጎ ከከተማ ውጭ መጣል ያልተከተበ መንጋ ማርባት ነው። የማኰላሸት ሥራ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም የሚገኝ ከሆነ አንድ ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ የብዙ ዓመት ቀለብ ያድናል፤ የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ሴቷ ውሻ በምትፈልግበት ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል በተዘጋ ግቢ ትያዝ።

በየዓመቱ መስከረም 18 ቀን ገደማ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን በዓለም ሁሉ ይታሰባል። ክረምቱ አልፎ መንገዱ የሚደርቅበት፥ ትምህርት ቤትም የሚከፈትበት ወራት ስለ ሆነ የውሻውን የክትባት ዓመት ከዚያ ቀን መቍጠር ለማስታወስ ይቀላል። የክትባቱ ወረቀት ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋራ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ውሻው ሰው የነከሰ ዕለት ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው።